ሁለታችንም «አቤት» ያልንበት ቀን

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። እናቴ ግን «አስራ ዘጠኝ ነሽ» ትል ነበር። እሷ የምትቆጥረው በዝናብ ነው፣ እኔ የምቆጥረው በትምህርት ቤት መዝገብ። በሁለታችን መካከል አንድ ዓመት ጠፍቶ እንደኖረ ነው። ቆይታችሁ ስትሰሙት ግን፣ ከጠፋብኝ ነገር ሁሉ ትንሹ ያ ዓመት ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ገሰራ አጠገብ፣ ገብስና ስንዴ ከሚታረስበት ሜዳ ላይ ነው። አባቴ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሞተ። ዘጠነኛ ክፍል ስደርስ ሮቤ የሚኖሩት አጎቴ ከድር፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ መጥተው ወሰዱኝ። ሮቤ ላይ የብትን ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። አራት ዓመት ከልጃቸው ከሙና ጋር በአንድ አልጋ፣ በአንድ ብርድ ልብስ ተኛሁ። ሙና በአንድ ወር ነው የምታንሰኝ። ፀጉሯን የምሠራት እኔ፣ የቤት ሥራዋን የምሠራላት እኔ። «ሩቂ፣ አንቺ አስቢው፣ እኔ እጽፈዋለሁ» ትለኝ ነበር። ይህን የምነግራችሁ ላማት ብዬ አይደለም። በጣም ነበር የምወዳት። አጎቴንም «አባ» ነበር የምላቸው። ማንም «አባ በያቸው» ብሎኝ አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ ሙና «አባ» ስትል ሰምቼ፣ አንድ ቀን ከአፌ ወጣ፣ እሳቸውም «ወዬ» አሉኝ፣ በዚያው ቀረ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተንን። እኔ ፈተናው እንዳለቀ አዝመራ ለማገዝ ወደ እናቴ ተመለስኩ። ውጤት ሲወጣ አጎቴ ደብዳቤ ላኩልኝ። «ሁለታችሁም አልመጣላችሁም። አላህ ያላለው አይሆንም። እናትሽን አግዢ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የሙና ነበር። አላስገረመኝም፤ አጎቴ ደብዳቤ የሚያስጽፉት ምንጊዜም እሷን ነው። አለቀስኩ፣ እናቴም «ፈተና ነው እንጂ ነፍስ አይደለም» ብላ አጽናናችኝ። አንድ ዓመት እንዲያው ከላምና ከእርሻ ጋር አለፈ።

በዓመቱ በግል ልፈተን አሰብኩ። ለመመዝገብ ከትምህርት ቤቴ የውጤት ማስረጃ ያስፈልጋል ተባልኩ። በገበያ ቀን ከእህል ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአይሱዙ ወደ ሮቤ ሄድኩ። ጉዳዩ ግማሽ ቀን የማይፈጅ መስሎኝ ለእናቴ «ማታ እመለሳለሁ» ብያት ነበር።

መዝገብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው።

«ስም?»

«ሩቂያ አማን ገልቹ።»

መዝገቡን ገለጡ፣ በጣታቸው ወረዱ፣ ቆሙ።

«ወስደሻል እኮ።»

«ምኑን?»

«ሰርተፍኬቱን ነዋ። ይኸው ፈርመሻል።»

አየሁት። ስሜ አለ። ከስሜ ጎን ፊርማ አለ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ፊርማ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ ማን ምን አስፈርሞኝ።

«እትዬ፣ እኔ እኮ አላለፍኩም» አልኳቸው።

«ማነው እንዲህ ያለሽ? ሁለት ነጥብ አራት እኮ ነው ያመጣሽው። ከክፍልሽ ሴቶች ሁለተኛ ነሽ።»

አሁን የምነግራችሁ ነገር እኔንም ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው። ደስ አለኝ። ሳቅሁ። «አላህ ይስጥልኝ እትዬ» ብዬ፣ እሳቸው ውጤቱን ያመጡልኝ ይመስል እጃቸውን ስሜ ልወጣ ዞርኩ። ለምን እንደመጣሁ ረስቼዋለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ። ታዲያ ያቺ ማን ነበረች?»

«የቷ?»

«ከአባትሽ ጋር መጥታ የፈረመችው። ቀጠን ያለች፣ ድዷን የተነቀሰች።»

እኔ ድዴን አልተነቀስኩም። ሙና ስትነቀስ አብሬያት ነበርኩ፤ እጇን ይዤላታለሁ፣ ጥፍሯ ክንዴ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አባቴ ሞቷል» አልኳቸው።

ወይዘሮ አሰለፈች መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ለቦታው አዲስ ነበርኩ፣ ፊት አልለይም። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ልጄ ናት አሉኝ፣ አመንኩ። ይኼ ለፖሊስ የሚነገር ነገር ነው።»

«የለም፣ የለም» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ሊያስቀምጡልኝ ይሆናል።»

እንዲያው ፍረዱኝ፤ ሊያስቀምጡልኝ። እግሬ ወደ አጎቴ ቤት እየሄደ በልቤ ምክንያት እፈልግላቸዋለሁ። ሊያስቀምጡልኝ ወስደው ረስተውት ይሆናል። በድንገት ሊያስደስቱኝ ይሆናል። አላለፍሽም ያሉኝ ደግሞ… እዚያ ላይ ስደርስ ሐሳቤ ይቆማል፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

አጎቴ ቤት አልነበሩም። ለዝያራ ወደ ሼክ ሁሴን መቃብር ሄደዋል። ሚስታቸው አደ ፋጡማ አቅፋ ተቀበለችኝ። የገብስ ጩኮ አቀረበችልኝ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ይሮጣል። በላሁ። ያን ያህል ግራ ገብቶኝ ደግሞ እንዴት እንደራበኝ አትጠይቁኝ።

«ሙናስ?» አልኳት።

«ጎባ ናት።»

«ጎባ ምን ትሠራለች?»

«ታግዛለች።»

«ማንን?»

«ሰው ነዋ፤ ሰው ማገዝ ጠፍቶ ነው? ብዪ እንጂ።»

ጓሮ እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ገመድ ላይ የታጠበ ነጭ ጋውን ተሰጥቷል። ኪሱ ላይ በአረንጓዴ ክር «ሩቂያ» ተብሎ ተጠልፏል። የክሩ ስፌት የሙና ነው፤ «ቂ»ን ስትጠልፍ ምንጊዜም ጅራቷን ታስረዝማታለች። ቆሜ አየሁት። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? «ምን ያህል ብትወደኝ ነው፣ ስሜን ልብሷ ላይ የጠለፈችው» ነው ያልኩት። በአላህ ስም እንዲህ ነው ያሰብኩት።

አደ ፋጡማ ከኋላዬ መጥታ ጋውኑን ሳይደርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የጎረቤት» አለች። እዚያ ሰፈር ሩቂያ የምትባል ጎረቤት እንደሌለች እሷም እኔም እናውቃለን። ሁለታችንም ጎረቤት እንዳለ ሆነን ወደ ቤት ተመለስን።

እዚያው አድሬ፣ በማግስቱ ጠዋት «ወደ ገሰራ ልመለስ» ብዬ ወጣሁና የጎባ መኪና ውስጥ ገባሁ። ነጭ ጋውን የሚለበስበትን ቦታ ጠያይቄ ማግኘት አላስቸገረኝም፤ አጥሩ ጥድ የሆነ የጤና ረዳቶች ማሰልጠኛ ነበር። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ።

«ማንን ነው?»

ሙና ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እዚህ ቤት ሙና የሚባል ሰው እንደሌለ ገባኝ።

«ሩቂያ አማንን» አልኩ።

«ዘመድ ነሽ?»

«አዎ።»

«ግቢ። አሁን ይወጣሉ።»

እንግዲህ ራሴን ጠይቄ፣ ለራሴ ዘመድ ነኝ ብዬ ገባሁ። ጥዱ ሥር ቆምኩ። ነጭ የለበሱ ልጆች ከክፍል እየሳቁ ወጡ። አንድ አስተማሪ ደረጃው ላይ ወጥቶ ከወረቀት ላይ ስም ይጠራል።

«ሩቂያ አማን!»

«አቤት!»

ሁለት ድምፅ ነው የወጣው። እኔ ሳላስበው ነው፤ ሰው ስሙ ሲጠራ ምን ይላል? ልጆቹ ዞረው ሳቁ። «ጎሽ፣ እንግዳም ተመዘገበች» አለ አንዱ። ሙና ብቻ አልሳቀችም። አየችኝ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። የምትሸሽ መስሎኝ ነበር። ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ፣ ጆሮዬ ሥር «ሩቂ፣ ስለ አላህ፣ ዝም በይ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እሷ ጎትታ ከሕንፃው ጀርባ ወሰደችኝ።

«አባ ናቸው ያሉኝ» አለች። «ሩቂ ገጠር ናት፣ ታገባለች፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ነው የሚበሰብሰው አሉኝ። መታወቂያውንም እሳቸው ናቸው ያወጡልኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሰጪኝ ነበር?»

አሰብኩ። እስካሁንም አስባለሁ። «አላውቅም» አልኳት።

«ሁለት ወር ነው የቀረኝ፣ ሩቂ። ሁለት ወር ብቻ።» ማልቀስ ጀመረች። «መጀመሪያ ሩቂያ ሲሉኝ መልስ መስጠት ይጠፋኝ ነበር፤ ደንቆሮ ናት ይሉኛል። አሁን ደግሞ ቤት ስሄድ እማ ሙና ብላ ስትጠራኝ እዘገያለሁ። አሁን ምን እንደምባል ራሴም አላውቅም።»

ሻሼን አውልቄ እንባዋን ጠረግሁላት። «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላታለሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ጎባን ለቅቄ ከወጣሁ በኋላ ነው፣ ማን ማንን ማባበል እንደነበረበት ራሴን የጠየቅሁት። ሻሼንም እዚያው ትቼላት ነበር።

ገሰራ ስገባ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። እናቴ ነገር ሲከብዳት አትናገርም፤ ላም ታልባለች። ያን ቀን ታልባ የነበረችውን ላም እንደገና ልታልብ ሄደች። ላሚቱም ግራ ገብቷት ዞራ አየቻት። ተመልሳ ስትመጣ «አንቺ ምን አሰብሽ?» አለችኝ።

«ግራ ገብቶኛል» አልኳት።

«እኔም» አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ስለዚህ ነገር አላነሳንም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጩኸት ሰማን። ብዙ ሴቶች ናቸው፣ እያዜሙ ዳገቱን ይወጣሉ። እናቴ ዓይኗን በእጇ ከልላ አየች። «ሲንቄ ይዘዋል» አለች፣ ድምፅዋ ወረደ።

ሲንቄ የማታውቁ ካላችሁ፣ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው ቀጭን በትር ነው። ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። የተበደለች ሴት እሱን ይዛ ስትወጣ ሴቶች ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ይከተሏታል። በተጣሉ ሰዎች መሀል ከተጋደመ ጠብ ይቆማል። ወንድ አይሻገረውም። የሲንቄ እርቅ ደግሞ «እምቢ» አይባልም፤ እምቢ ያለ ሰው ነገ ሞት ቢደርስበት ቀባሪ አይቆምለትም።

ከፊት አደ ፋጡማ ናት። ሲንቄዋን በአንድ እጇ፣ እርጥብ ሰርዶ በሌላው እጇ ይዛለች። ከኋላዋ ሰባት የሚሆኑ ሴቶች አሉ፣ ከነሱም መካከል የአካባቢው ሁሉ ታላቅ አዮ መኪያ፣ ሁለት ልጆች ደግፈዋቸው። ወንዶቹ ርቀው ቆመዋል። አጎቴንም አየኋቸው። ከዝያራ በቀጥታ ነው የመጡት፣ ጫፉ መንታ የሆነውን የሼክ ሁሴን በትር እንደያዙ፣ ግንባራቸው ላይ ከመቃብሩ የመጣው ነጭ አፈር እንዳለ። እዚያ ቆመው ምን ብለው ለምነው ይሆን ብዬ አሰብኩ። ለሙና? ለእኔ? ወይስ ዱዓውም ለሁለታችን በአንድ ስም ነው?

አደ ፋጡማ ሲንቄውን ደጃችን ላይ አጋደመችው፣ ሰርዶውንም ከጎኑ መሬት ላይ አኖረችው።

«ሩቂያ ልጄ» አለች። «አጎትሽ አራት ዓመት አብልተው አስተምረውሻል። ከሙና ለይቼሽ አውቃለሁ? ተናገሪ።»

«አታውቂም» አልኩ። እውነት ነው፤ ለይታኝ አታውቅም።

«እንግዲያው ልጄን አታዋርጂብኝ። አባቷን አታሳስሪ። ሁለት ወር ነው የቀራት። ጨርሳ ሥራ ትያዝ፣ ለአንቺም ለእናትሽም ትደርሳለች። አንቺም ነገ ታገቢያለሽ፤ ጎጆ ውስጥ ማን ወረቀት ይጠይቅሻል?»

«ስሜስ?»

«ስም ምን ይሆናል? ስም እንደሆነ አያልቅ፤ ለሁለት ይበቃችኋል።»

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች «ይበቃል፣ ይበቃል» አሉ። እኔ ቆሜ ሰርዶውን አየዋለሁ። ከመሬት ካነሳሁት አልቋል፤ እርቅ ሆኗል። ጎንበስ አልኩ። ልቤ እምቢ ይላል፣ ወገቤ ግን ይታጠፋል። ያደግሁበት ነገር ነው፣ ወገቤ እኔን አልጠየቀኝም።

በዚህ ጊዜ ነው እናቴ ከውስጥ የወጣችው። በእጇ የራሷን ሲንቄ ይዛለች። አባቴን ያገባች ቀን እናቷ የሰጠቻት፣ ከግድግዳው ላይ ሲወርድ በዕድሜዬ አይቼው የማላውቀው፣ በጭስ የጠቆረ። ምንም ሳትናገር ከአደ ፋጡማ ሲንቄ ጎን አጋደመችው።

 በአንድ ደጅ ሁለት ሲንቄ ያየ ሰው አልነበረም። ማን ለማን እንደሚገብር ጠፋ። አንዷ «አሁን ምን ይደረጋል?» ብላ ስትንሾካሾክ ሰማኋት። እናቴንም ራሷ ያደረገችው ነገር ያስፈራት ይመስላል።

አዮ መኪያ ወደፊት መጡ።

«ፋጡማ» አሉ፣ «ሲንቄ ማን ናት የምታወጣው?»

«የተበደለች፣ አዮ።»

«ማን በደለሽ?»

አደ ፋጡማ መሬት አየች።

«እኔን ስታመጪኝ፣ ልጅቷ ቤቴ መጥታ ሰደበችኝ ነው ያልሽኝ። ሰድባሻለች?»

«አልሰደበችኝም።»

«አንሺው።»

አደ ፋጡማ በትሯን አነሳች። ሳታነሳው በፊት ግን እናቴን አየቻት። በዓይኗ ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ እናቴም ነግራኝ አታውቅም።

አዮ መኪያ ወደ እኔ ዞሩ። «ኢንተለኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ገና አላገባሽም፣ በትር የለሽም። የእናትሽ ይበቃሻል። በይ ተናገሪ። የምትፈልጊውን ነገ ልትጨምሪ ትችያለሽ። የማትፈልጊውን ግን ዛሬ ካልተናገርሽ፣ ነገ አፍሽን ይዞ የሚከፍትልሽ የለም።»

እኔ ደግሞ ያሰብኩት ነገር አልነበረኝም። አፌ ላይ የመጣውን ነው ያወጣሁት።

«ፖሊስ ጋ አልሄድም» አልኩ።

ሴቶቹ እልል አሉ።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አልኩ። አንዷ ሳቀች፣ ሌላዋ ጎሸመቻት። «ወረቀቴ ይመለስልኝ። ሙና በስሜ መጠራቷን ታቁም።»

«ሁለት ወር ነው የቀራት!» አለች አደ ፋጡማ።

«አውቃለሁ» አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። «አውቃለሁ። ዛሬ ትውጣ።»

አጎቴ ይሰሙ ስለነበር ከወንዶቹ ተነጥለው መጡ። የእናቴ ሲንቄ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በመካከላችን ሦስት እርምጃ አለ።

«ሩቂ» አሉኝ፣ «እኔ አባትሽ አይደለሁም?»

«አጎቴ ነዎት» አልኳቸው።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያልኳቸው። ፊታቸው ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የተናደዱም አይመስሉም። በማያውቁት ስም የተጠራ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔም ላቁም ነው፣ ልቀጥል ነው፣ አላውቅም። ግን አፌ ቀጠለ።

«ኒካሄን እርስዎ አያስሩልኝም። ከሶፍ ዑመር ታናሹ አጎቴ ጀማል መጥቶ ያስርልኝ። እዚህ ቤትም ካልተጠሩ አይምጡ።»

አባት የሌላት ልጅ ኒካህ የሚያስርላት ታላቁ አጎቷ ነው። ይህን ከአጎት መንሳት ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። አንዷ ሴት «አስተግፊሩላህ» አለች።

«እስከ መቼ?» አሉ አዮ መኪያ።

«አላውቅም።»

«‹አላውቅም› ወሰን አይሆንም። ከብትም ያልፈዋል።»

«እኔ እስክጠራቸው።»

 አዮ መኪያ ሰርዶውን ራሳቸው አነሱና ግማሹን ለአደ ፋጡማ፣ ግማሹን ለእኔ ሰጡ። «ሰምታችኋል» አሉ። «ደም የለም፣ ፖሊስ የለም። የተባለው ይጠበቅ።»

ሰርተፍኬቱ በሳምንቱ መጣ። ሙና በእርቁ ማግስት ማሰልጠኛውን ለቀቀች። የቀራትን ሁለት ወር ብትጨርስ ኖሮ ዛሬ ስንት ሰው ታክም ነበር ይሉኛል ዘመዶቼ፤ እስካሁን ለቅሶ ቤት ሳገኛቸው ይሉኛል። እኔስ ምን አገኘሁ? ለስልጠና ባመለከትኩ ጊዜ መዝገብ አዩና «አንቺ አቋርጠሽ የወጣሽ ነሽ፣ ድጋሚ አይፈቀድም» ተባልኩ። እውነቱን ልናገር ብዬ ቆሜ ነበር። ብናገር አጎቴ ይታሰራሉ፣ ቃል ደግሞ ሰጥቻለሁ። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ወረቀቱ እንዳሉትም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ግን አልበሰበሰም፤ አልፎ አልፎ አወጣዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። በአማርኛ ነበር የተማርኩት፤ ቁቤ፣ የኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲመጣ ከጎረቤት ልጆች ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ለመድኩት። ዛሬ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ እጽፋለሁ። መጥተው ከፊቴ ሲቀመጡ አውቃቸዋለሁ፣ በሚቀመጡበት አቀማመጥ። ጎረቤቱን የሚከስ ሰው ገና ሳይቀመጥ ይናገራል። ወንድሙን፣ አጎቱን፣ እህቱን የሚከስ ሰው ግን መጀመሪያ ያመሰግናቸዋል። «አሳድጎኛል»፣ «ክፉ ሰው አይደለም» ይላል። ብዕሬን አስቀምጬ እጠብቃለሁ። እኔም እንዲያ ነበርኩ።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ፣ መፍትሔ አለኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ሰው ሁሉ «ይቅር አልሻቸው?» ይለኛል። አላውቅም። አልጠላኋቸውም፤ ይህን አውቃለሁ። ከተጠላ ሰው ጋር ወሰን ማበጀት ቀላል ነው፤ ራሱ ይበጃል። የከበደኝ ጩኮዋን ከበላሁት ሴት፣ አባ ካልኳቸው ሰው ጋር ማበጀቱ ነው። ምናልባት ሁለት ወር መታገሥ ነበረብኝ። ምናልባት ታግሼ ቢሆን ዛሬ ይህን የምጽፈው በማን ስም እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዳንድ ጠዋት አንዱ ትክክል ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ ሌላው። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር፣ ግራ ገብቶኝም ቢሆን መናገሬ ነው። ግራ መጋባቱ እስኪለቀኝ ብጠብቅ ኖሮ ዛሬም እዚያው ደጅ ላይ ጎንበስ ብዬ እገኝ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ አገባሁ። ኒካሁ የታሰረው ገሰራ፣ እናቴ ቤት ነው። እናቴ የጠቆረውን ሲንቄ ለእኔ ሰጠችኝ፤ አዲስ ላስቆርጥልሽ ብትለኝ እምቢ ብዬ። አጎቴን ለመጥራት ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሳልጠራቸው ቀኑ ደረሰ።

መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፣ ያንን መንታ በትር ይዘው፣ አንድ በግ እየሳቡ። በጉን ከአጥሩ ውጪ ካለው ግንድ ላይ አሰሩት። እሳቸውም ከበሩ ወዲያ፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ውስጥ አጎቴ ጀማል የሙሽራውን እጅ ይዞ ቃሉን ተናገረ። ፋቲሃ ሲቀራ፣ ከአጥሩ ውጪ እንደ ሰዉ ሁሉ መዳፋቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ ሲያልቅም ፊታቸውን አበሱ። የሙሽራው ወገኖች ወጥተው «ይግቡ እንጂ» ሲሏቸው «አልተጠራሁም» አሉ፣ ተነስተውም ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ።